እቅፍ የምትወድ ድመት ለእናቴ፦ እንዴት ልምረጥ?

ሳምሪ_ሰሚት
ሰላም ለዚህ ቤት። እማዬ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቀኑን ብቻዋን ነው የምታሳልፈው፤ እኔና ባለቤቴ ጠዋት ወጥተን ማታ ነው የምንገባው። ድመት ላምጣልሽ ስላት ሳቀችብኝ። እሷ ባደገችበት የጎጃም ገጠር ድመት ማለት ጎተራ ሥር አይጥ ስታደባ የምትውል፣ ሰው ሲጠጋት ዘላ ጣሪያ የምትወጣ ፍጥረት ነች። ደጋግሜ ስወተውታት ግን "አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ስጠራት የምትመጣ ከሆነች ይሁን፤ ለአይጥ ከሆነ ወጥመድ ግዢ" አለችኝ።

ያለኝ ምርጫ ይሄ ነው። ቴሌግራም ላይ ጆሮዋ የታጠፈ ስኮቲሽ ፎልድና ፊቷ ጠፍጣፋ ፐርሺያን የሚሸጡ አሉ፤ ዋጋው ያስደነግጣል። ጎረቤታችን ያለች ተራ የሀበሻ ድመት ደግሞ ወልዳ፣ ግልገሎቹ አምስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ "አሁኑኑ ውሰጂልኝ" እያሉኝ ነው። ሌላው ሰፈራችን ሉካንዳ ደጃፍ የሚውል ትልቅ ቀይ ወንድ ድመት ነው፤ የአላፊ አግዳሚው እግር ላይ ሲተሻሽ ይውላል።

ዘሩ ነው የሚወስነው ወይስ ሌላ ነገር? እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነን፣ በረንዳ አለን።

ሃያት_ዱባይ
እህቴ፣ እኔ የምሠራበት ቤት ሁለት ፐርሺያኖች አሉ፤ የምንከባከባቸው ደግሞ እኔው ነኝ። ጠባያቸው ወርቅ ነው። አይቧጭሩም፣ መጋረጃ ላይ አይንጠላጠሉም፣ ሶፋ ላይ ካስቀመጥሻቸው እዚያው ናቸው። ግን በየቀኑ ካላበጠርሻቸው ፀጉሩ ይቋጠርና በመቀስ ካልሆነ አይፈታም። ዓይናቸው ስለሚያነባ በእርጥብ ጥጥ መጥረግ አለብሽ። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ ስለሆነ ሲተነፍሱ ያንኮራፋሉ፣ ሙቀት አይችሉም። እናትሽ ጉልበታቸውን ካመማቸው ያንን ሁሉ ማን ሊሠራው ነው? ቤታችሁ ሰው የሚገባው ማታ ነው ብለሻል።

ጋሽ_መላኩ
"ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም" ያሉት አባቶች ሞኞች አልነበሩም። ድመት ቤቱን ትወዳለች እንጂ ባለቤቱን አትወድም። ቤት ብትቀይሩ ተመልሳ የድሮው ቤት ነው የምትገኘው። ሰው የሚወድ እንስሳ ከፈለጋችሁ ውሻ አለላችሁ።

ቢሾፍቱ_ቬት
ጋሽ መላኩ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። የአሜሪካው ኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጡት ጥናት አለ። ግልገል ድመቶችን ከባለቤታቸው ጋር አንድ እንግዳ ክፍል ያስገቧቸዋል፤ ባለቤቱ ለሁለት ደቂቃ ይወጣል፤ ከዚያ ይመለሳል። ከመቶ 64 ያህሉ ባለቤታቸው ሲመለስ ሰላምታ ሰጥተው፣ ተረጋግተው፣ ወደ ጨዋታቸው ተመለሱ። ሕፃን ልጅ እናቱን ምን ያህል እንደሚተማመንባት የሚለካውም በዚሁ ዓይነት ፈተና ነው፤ የተገኘው ውጤትም ተቀራራቢ ነው። እርስዎ የሚያውቋት የጎተራዋ ድመት ሰው ያልወደደችው ማንም በልጅነቷ ስላላቀፋት ነው።

ሳምሪ፣ ወደ አንቺ ጥያቄ ልምጣ። ዘር እኔ ዘንድ ሦስተኛ ነው። አንደኛው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ያለው ዕድሜ ነው። ግልገሏ በነዚያ ሳምንታት የሰው እጅ፣ የሰው ድምፅ፣ የሰው ሽታ ከለመደች ሰው የሕይወቷ አንድ ክፍል ይሆናል። ያለ ሰው ካሳለፈችው ግን በኋላ በሥጋም በወተትም ብታባብያት የተወሰነ ፍርሃት ይቀራል። ስለዚህ ሻጩን "ዘሯ ምንድን ነው?" ከማለትሽ በፊት "የት ነው ያደገችው?" በይው። ሳሎን ውስጥ ልጆች እያቀፏት ነው ወይስ ጓሮ ያለ ሳጥን ውስጥ?

ሁለተኛው ወላጆቿ ናቸው። እናቷን ማየት ትችያለሽ፤ አባቷን ብዙ ጊዜ ማንም አያውቀውም፤ ግን ትልቅ ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1995 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት ከደፋርና ሰው ከማይሸሽ አባት የተወለዱ ግልገሎች፣ አባታቸውን አይተውት እንኳ ባያውቁ፣ እንግዳ ሰው ቶሎ እንደሚቀርቡ አሳይቷል። ድፍረት ይወረሳል ማለት ነው።

አምስት ሳምንት ላይ ግን በጭራሽ እንዳትወስጂ። ጎረቤትሽን ቢያንስ ስምንት ሳምንት፣ ቢቻል አሥራ ሁለት ይሙላቸው ብለሽ ለምኚያቸው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ወደ 5,700 በሚሆኑ ድመቶች ላይ ባደረጉትና በ2017 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ከስምንት ሳምንት በፊት ከእናታቸው የተለዩት በኋላ የመናከስና የመቧጨር ጠባይ ይበዛባቸዋል። ንክሻን መመጠን የምታስተምራት እናቷና ወንድም እህቶቿ ናቸው። ጠንክራ ስትነክስ ወንድሟ ጮኾ ጥሏት ይሄዳል፤ ትምህርቱ እሱ ነው። ያንን ሳትማር ከመጣች የምትማርበት የእናትሽ እጅ ይሆናል።

ስኮቲሽ ፎልድን በተመለከተ ደግሞ አጭር መልስ፦ አትግዢ። ጆሮዋን ያጠፈው ጂን መገጣጠሚያዎቿንም አይምርም። እ.ኤ.አ. በ1961 ስኮትላንድ ውስጥ አንድ እርሻ ላይ ከተገኘች አንዲት ድመት የመጣ ዘር ነው፤ እዚያው ብሪታንያ ያለው ዋናው የድመት መዝጋቢ ድርጅት እንኳ አይመዘግበውም። ሻጮች "ረጋ ያለች፣ አትዘልም" ይሏችኋል። የማትዘለው አሟት ሊሆን ይችላል።

ብሩክ_ገርጂ
ሉካንዳው ያለውን ቀዩን ያዢው! ቀይ ድመት ሁሉ ሰው ወዳድ ነው፣ ዓለም ያወቀው ነው። እኔ ያየሁት ቀይ ሁሉ ቦርሳ ውስጥ ካልገባሁ የሚል ነው 😂

ቢሾፍቱ_ቬት
ብሩኬ፣ ሰዎች እንደዚያ እንደሚያምኑ በጥናትም ታይቷል፤ የካሊፎርኒያው በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰዎችን ጠይቀው ቀይ ድመት "ተግባቢ" ነው የሚሉት በዝተው አገኙ። የሚለካው ግን የሰዎቹ ግምት እንጂ የድመቱ ጠባይ አይደለም። ቀይ ድመት ከአምስቱ አራቱ ያህል ወንድ ነው፤ የተመከነ ወንድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቀቅ ያለ ይሆናል፤ ወሬው ከዚያ የመጣ ሊሆን ይችላል። ስለ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ ሁለቱም ዓይኗ ሰማያዊ የሆነች ነጭ ድመት አብዛኛውን ጊዜ ደንቆሮ ናት። "ስጠራት የምትመጣ" ለሚሉ እናት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ኤልሳ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
እኔ የማልስማማው በአንድ ነገር ነው፤ ለምን ሁላችሁም ስለ ግልገል ታወራላችሁ? ለትልቅ ሰው የሚሆነው ያደገ ድመት ነው። ግልገል ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መጋረጃ ትወጣለች፣ እግር ሥር እየገባች ታደናቅፋለች። ጉልበት ለሚያማቸው እናት መሰናክል ማምጣት ነው። ደግሞ የስምንት ሳምንት ግልገል ሁሉም ደስ ይላል፤ ዓመት ከሞላት በኋላ ምን እንደምትሆን ግን ማንም አያውቅም። ያደገ ድመት ጠባዩ ፊት ለፊት ነው ያለው።

እዚህ ሜሪላንድ እኔ ከመጠለያ ነው የወሰድኩት። መጠለያዎቹ ድመቶቹን ለጊዜው ሰው ቤት ያስቀምጣሉ፤ አስቀማጩ ደግሞ ስለ ጠባዩ ይጽፋል፦ "ቫክዩም ይፈራል፣ ሕፃን አይጠላም፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት መጥቶ ጭን ላይ ይወጣል" የሚል። ያ ወረቀት ከየትኛውም የዘር ሰርተፊኬት ይበልጣል። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ወረቀት የለም ትዪኝ ይሆናል፤ ግን አብሯት የኖረ ሰው አለ። ሉካንዳ ያሉትን ሰዎች ጠይቂ፤ ሲነካ ይናከሳል ወይ? ልጆች ሲያባርሩት ምን ያደርጋል? ሥጋ ሳይጣልለትም ይመጣል ወይ? ይሄ የመጨረሻው ዋናው ነው። ሥጋ ሲያይ ሁሉም ድመት ወዳጅ ነው።

ስትሄጂም እንዲህ አድርጊ። መሬት ላይ ተቀመጪና ዝም በይ፤ እጅሽን አትዘርጊ፣ "ውሮ ውሮ" አትበዪ። ራሷ ከመጣች አንድ ጣትሽን በአፍንጫዋ ቁመት ያዢላት። አሽታ ጉንጯን ካሻሸችብሽ፣ ጭራዋም ቀጥ ብሎ ከቆመ ወዳሻለች። ከዚያ ጉንጯን፣ አገጯን፣ በጆሮዎቿ መካከል ዳብሺያትና እጅሽን አንሺ። "ለምን አቆምሽ?" ብላ ከተጠጋችሽ አገኘሽ። ሆዷን አትንኪ፤ ሆዷን ገልብጣ ማሳየቷ ዳብሺኝ ማለት አይደለም፣ አምኜሻለሁ ነው። ቁልፍም ጣይ፣ ሳታይሽ። ሁሉም ይደነግጣሉ፤ ተመልሳ መጥታ ቁልፉን የምታሸተውን ነው የምትፈልጊው።

ዳዊት_ለንደን
አንድ ሰው ስለ አቢሲኒያን ድመት ሳያነሳ ክሩ እንዳያልቅ። እኔ በስሟ ተሸንፌ ነው የገዛኋት፤ የአገሬ ልጅ መስላኝ። ከእኔ ጋር መታጠቢያ ቤት ትገባለች፣ ምግብ ስሠራ ትከሻዬ ላይ ነች፣ ቡና ሳፈላ ረከቦቱ ሥር ነች። ሰው ትወዳለች፣ በጣም! ጭን ላይ ግን አትቀመጥም። ሞተሯ አይጠፋም። መደርደሪያ ላይ ያለ ነገር ሁሉ መሬት ይወርዳል። "ሰው ወዳድ" እና "እቅፍ ወዳድ" ሁለት ነገር መሆናቸውን ለእናትሽ ስትመርጪ አስቢበት። እቅፍ ከሆነ ሰዎች ራግዶል የሚሏትን ይመርጣሉ፤ ካሊፎርኒያ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተዳቀለች ናት፣ ሲያነሷት ዝልፍልፍ የምትል። ግን ትልቅ ናት፣ ፀጉሯም ብዙ ነው፣ የልብ ሕመም በዘሩ ይመጣባታል። አዲስ አበባ ድረስ ማን ያመጣታል እሱ ሌላ ጣጣ ነው።

ብሩክ_ገርጂ
@ዳዊት_ለንደን ቆይ፣ አቢሲኒያን ድመት የኛ አይደለችም እንዴ?

ዳዊት_ለንደን
አይደለችም፤ ታሪኩ ግን ደስ ይላል። የመቅደላ ጦርነት በ1860 ዓ.ም. ሲያበቃ ከእንግሊዝ ጦር ጋር "ዙላ" የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ ሄደች ተባለ፤ ስሟ ጦሩ ከወረደበት ከቀይ ባሕሩ ዙላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1871 ለንደን ክሪስታል ፓላስ በተደረገው የድመት ትርዒት ላይ "የአቢሲኒያ ድመት" የምትባል ቀረበች፤ ስሙ በዚያው ጸና። ችግሩ ሆላንድ፣ ላይደን ሙዚየም ውስጥ ከመቅደላ 30 ዓመት ያህል በፊት የተገዛች፣ ተመሳሳይ መልክ ያላት፣ በገለባ የተሞላች ድመት አለች፤ መለያዋ ላይ የተጻፈው "ህንድ" ነው። የዘረመል ጥናቶችም መነሻዋን ወደ ህንድ ውቅያኖስ ዳርቻና ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይወስዱታል። ስለዚህ አቢሲኒያን የፈረንጅ ድመት ናት፤ የሀበሻ ድመት የሳምሪ ጎረቤት ያለችዋ ናት።

አወያይ
ድመት ለሽያጭ ያቀረባችሁ ሁለት አባላት መልእክታችሁ ተነሥቷል። ስልክ ቁጥር አትለጥፉ። ቀጥሉ።

ሳምሪ_ሰሚት
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ስኮቲሿን ትቻለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፤ እህቴ ነፍሰ ጡር ናት፣ ቅዳሜና እሑድ ትመጣለች። ባለቤቴ "ድመት ለእርጉዝ ክልክል ነው" ብሎ ቁጭ ብሏል። ሌላው፣ እማዬ ጥቁር አልፈልግም ብላለች፤ ጎረቤት ካሉት አራት ግልገሎች ደግሞ ሁለቱ ጥቁር ናቸው።

ጋሽ_መላኩ
ባልሽ ትክክል ነው። ድመት ቤት ውስጥ ንጽሕና የለውም።

ሃያት_ዱባይ
ጋሼ፣ እኛ ዘንድ ድመት ነጃሳ አይደለችም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ድመት በመካከላችሁ ከሚዘዋወሩት ናት ማለታቸው በሐዲስ አለ፤ የቀመሰችው ውሃ ለሶላት ትጥበት (ለዉዱእ) ይሆናል። እዚህ መስጊድ በር ላይ የሚተኙትን ብታዩአቸው!

ቢሾፍቱ_ቬት
ለባለቤትሽ ይሄን አንብቢለት። የሚፈራው ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ተውሳክ ነው፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው፣ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። ድመት ተውሳኩን በዓይነ ምድሯ የምታወጣው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ ስትያዝ፣ ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። የወጣውም ወዲያው አይይዝም፤ ከአንድ እስከ አምስት ቀን መቆየት አለበት። ስለዚህ የምትጸዳዳበት ሳፋ በየቀኑ ከተጸዳና የምታጸዳው እህትሽ ካልሆነች አደጋው በጣም ይቀንሳል። ድመቷን መዳሰስ ክልክል አይደለም። አሁን የሚከብደውን ልንገርሽ፦ እህትሽ ጥሬ ሥጋና ለብለብ ክትፎ ትበላለች? ሰላጣ በደንብ ሳይታጠብ? ተውሳኩ በዚያም ይመጣል፤ ባለቤትሽ ስለ ድመቷ ብቻ ከጮኸ ግማሹን መንገድ ነው የሄደው። ድመቷም ጥሬ ሥጋ ካልበላችና ከቤት ካልወጣች የመያዝ ዕድሏ ትንሽ ነው። በዚህ ረገድ የሉካንዳው ጀግና ነጥብ ይጥላል።

ሌላው ክትባት። የእብድ ውሻ በሽታ አገራችን ውስጥ ያለ ነገር ነው፣ ድመትም ይይዛል። ከሦስት ወሯ ጀምሮ ትከተባለች። ሌላው የድመት ክትባት ከስድስትና ስምንት ሳምንት ይጀምርና በየሦስት አራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስት ሳምንት ይደጋገማል። የማታውቂያት ድመት ከነከሰችሽ ወይም ከቧጨረችሽ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ታጥበሽ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ "ትንሽ ጭረት ናት" አይባልም።

እናትሽ ደግሞ ከእሳቸው ማዕድ እንደሚያካፍሏት እርግጠኛ ነኝ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳሉ፣ ቢበስሉም። ስለዚህ ወጥ የለም፣ የወጥ መረቅም የለም። ፓራሲታሞል አንድ ፍሬ ሊገድላት ይችላል። የላም ወተት አብዛኛውን ያደገ ድመት ያስቀምጣል። የአይጥ መርዝ ፎቃችሁ ላይ ከተነሰነሰ፣ መርዝ የበላች አይጥ ስትበላ እሷም ትታመማለች።

ሚካል_ነታንያ
ስለ ጥቁሯ እኔ ልናገር። እስራኤል መንገዱ ሁሉ ድመት ነው፤ የጆሯቸው ጫፍ የተቆረጡት ማዘጋጃ ቤት አስይዞ አስመክኖ የመለሳቸው ናቸው። ከእነዚያ መካከል ሦስት ጥቁሮች ደረጃችን ሥር ይኖሩ ነበር፤ አንዱ አሁን አልጋዬ ላይ ነው። በቀለሙ ምክንያት ማንም አልወስድ ብሎት ነው እኔ ጋ የደረሰው። እናታችሁን ለማሳመን አትድከሙ፤ ጥቁሯን አንድ ጊዜ ጭናቸው ላይ አስቀምጡና ዝም በሉ።

የመንገድ ድመት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ሰው ቤት ኖሮ የወጣና ሰው ነክቶት የማያውቅ ይለያያሉ። የመጀመሪያው ሲራብ መጥቶ ይጮህብሻል፣ ዓይንሽን ያያል። ሁለተኛው ድምፅ አያሰማም፣ መሬት ለመሬት ይሄዳል፣ አንቺ እስክትሄጂ አይበላም። ሁለተኛውን ቤት አስገብቶ "ውደደኝ" ማለት ለእሱም ቅጣት ነው። ለመለየት ዓይንሽን ቀስ ብለሽ ጨፍነሽ ክፈችለት። መልሶ ከጨፈነልሽ ተግባብታችኋል። የእንግሊዙ ሰሴክስ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2020 ሞክሮታል፤ ድመቶች ዓይኑን ቀስ አድርጎ የሚጨፍንን እንግዳ ይበልጥ ይቀርባሉ። አያቴ ይህንን ያለ ዩኒቨርሲቲ ታውቀው ነበር።

ሳምሪ_ሰሚት
ሉካንዳ ሄጄ ነበር። ቀዩ እግሬ ላይ ተሻሸ፣ አገጩን አሸሁት፣ እጄን ሳነሳ ተጠጋኝ። ልቤ ሄደ። ሥጋ ቆራጩን "ልውሰደው?" ስለው ቢላውን አስቀምጦ ነው የመለሰልኝ። "እህቴ፣ ይሄ እኮ ደንበኛ የሚያመጣልኝ ነው። ውሮዬን የወሰደብኝ ሰው እዚህ በር አይለፍ።" አፈርኩ 😂 የልጁን ፍቅር ሳይ ደግሞ ቀናሁ።

ከዚያ ጎረቤት ሄድኩ፣ ግልገሎቹን ለማየት። ኤልሳ እንዳልሽው መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ግልገሎቹ የጫማዬን ክር ሲጎትቱ ቆዩና ጥለውኝ ሄዱ። እናትየዋ ግን ከጓዳ ወጥታ፣ አሽታኝ፣ ጭኔ ላይ ወጥታ ተኛች። ኩር ኩር እያለች። የቤቱ ልጆች በየተራ ሲያነሷት አትናከስም። ቁልፍ ጣልኩ፤ ጆሮዋን አዙራ አየችና መልሳ ተኛች። ቡራቡሬ ናት፣ የሁለት ዓመት ያህል ይሆናታል አሉኝ። ለካ እነሱም በየጊዜው መውለዷ አሳቅቋቸው ሊሰጧት ነበር! "እናቲቱን የሚፈልግ ሰው የለም ብለን ነው ያልነገርንሽ" አሉ።

ማታ ለእማዬ ስነግራት "ዳዊት የምትደግም ከሆነች አምጫት" አለች። ኩር ኩር ማለቷን ነው።

ዶክተር፣ አሁኑኑ ልውሰዳት?

ኤልሳ_ሲልቨር_ስፕሪንግ
አላልኩም?! ያደገ ድመት!

ቢሾፍቱ_ቬት
አሁኑኑ አይሆንም። ግልገሎቹ ገና ስለሆኑ እናታቸውን ከወሰድሽባቸው ከላይ ያልኩት ችግር በአራቱም ላይ ይደርሳል። ስምንት ሳምንት ይሙላቸው፣ በራሳቸው እየበሉ ይሁን። እስከዚያ እየሄድሽ አብረሻት ቁጭ በይ፤ እናትሽንም ውሰጂያቸው፣ ደረጃው ከቻሉ። ጡት ካስጣለች በኋላ ወተቷ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ያህል ጠብቀሽ አስመክኛት። በዚህ መካከል ግን ከቤት እንዳትወጣ ለጎረቤትሽ ንገሪያቸው፤ ድመት እያጠባች እንደገና ማርገዝ ትችላለች፣ ሰዎች ይሄን አያምኑም።

ከመውሰድሽ በፊት የትል መድኃኒት፣ ቁንጫ፣ ጆሮዋ ውስጥ ቡና መሳይ ጥቁር ቆሻሻ አለ ወይ፣ ዓይኗና አፍንጫዋ ይፈሳል ወይ፤ እነዚህን ሐኪም ይይልሽ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እዚያ ቤት ጭንሽ ላይ የተኛችው እዚያ ስለለመደች ነው። አንቺ ቤት ስትመጣ መጀመሪያ አልጋ ሥር ገብታ ልትደበቅ ትችላለች። እናትሽ "ይቺማ የጎተራዋ ናት" እንዳይሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጎትቶ ማውጣት የለም። አንድ ክፍል ስጧት፣ ከጎረቤት ቤት የምትተኛበትን ጨርቅ ሳይታጠብ አምጡላት፣ ምግቧን እናትሽ ብቻ ይስጧት። ትወጣለች።

ጋሽ_መላኩ
እኔ ድመት አልወድም። ግን ሦስተኛ ፎቅ ብላችኋል። ወፍ ስታይ ዘላ ትወርዳለች፣ ድመት ሁልጊዜ በእግሯ አትወድቅም። በረንዳው ላይ ጠበቅ ያለ የሽቦ መረብ ምቱ፣ የዶሮ ሽቦውን ሳይሆን ወፈር ያለውን። ከላይም ይዘጋ።

ሳምሪ_ሰሚት
ጋሼ፣ ተባረኩ። ቅዳሜ ብየዳ ቤት እሄዳለሁ።

ብሩክ_ገርጂ
ከአራቱ ግልገል ሁለት ለእኔ! ሁለቱ አብረው ቢሆኑ ይሻላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ቀን ሥራ ስለምውል። ጥቁሮቹንም እወስዳለሁ፣ ሚካል አሳምናኛለች።

ሳምሪ_ሰሚት
እሺ ብሩኬ፣ ነግሬያቸዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት ታገሥ። ለመልመድ አሁኑኑ እየመጣህ እቀፋቸው፣ ዶክተር ያሉት ሰባተኛው ሳምንት ሊያልፍ ነው። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ፤ ለሳፋዋ የሚሸጠው የድመት አሸዋ ውድ ነው። እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ?

ብሩክ_ገርጂ
እናቴ ቤት ሰጋቱራ ነው። ከአናጺ ቤት በነፃ ወይ በትንሽ ብር ታገኚያለሽ፣ ጆንያ ይዘሽ ሂጂ።

ቢሾፍቱ_ቬት
ሰጋቱራ ይሆናል፤ ቀለም፣ ቫርኒሽ ወይም የምስጥ መድኃኒት የነካው አይሁን፣ አቧራውንም በወንፊት አራግፊው። መጀመሪያ ግን ጎረቤት ቤት ምን ላይ እንደለመደች ጠይቂ። አሸዋ ከሆነ በአሸዋ ጀምሪና ሰጋቱራውን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ቀላቅይበት። በአንድ ጊዜ ከቀየርሽባት ምንጣፍ ላይ ነው መልስ የምትሰጥሽ።